ከባንክ የወጣው እጮኛ

«ባንክ ነው ያላችሁን ልጅ፣ ባንክ የለም!» አለች አሉ ሸጋዬ፣ ገና ከመኪና ወርዳ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ።

ሸጋዬ የነዋኘው የጓሮ ጎረቤት ናት። ጎንደር የሄደችው ዓይኗን ልትታከም ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ጊዜ እዚያው እህቷ ቤት አምስት ሳምንት ከረመች። አንድ ዓይኗን በነጭ ፋሻ ሸፍነውላታል፤ በቀረችው በአንዷ ግን ያላየችው የለም። ማን ቤቱን እንደሸጠ፣ የማን ሚስት ኮብልላ እንደተመለሰች፣ የትኛው ሽማግሌ ጠጉሩን ጥቁር እንደተቀባ፣ ሁሉን ሸክፋ መጣች። ከተማዋ ትክል ድንጋይም ወሬ ጠምቷት ነበር የከረመች፤ መኪና የለ፣ ኔትዎርክ የለ።

«ምነው ሸጋዬ፣ ቀስ በይ እንጂ! ልጂቱ እኮ እዚሁ ናት» አለች ዘመናይ፣ የዋኘው ሚስት፣ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ።

«ትስማ! ለሷው ብዬ አይደል? የእህቴ ቤት ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ፊት ለፊት። ያ የናንተ ማንያዘዋል ጧት ጧት ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ቦርሳውን ይዞ ከች ይላል። ባንኩ ሊገባ ነው ስል፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ጓሮ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ሲመሽ ይወጣል። በማግስቱም እንዲያው!»

«ምን ሊሠራ?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ! አንዲት ቀጭን ሴት አለች፣ ሱሪ የለበሰች፣ ጠጉሯን የተቆረጠች። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። በመስኮቱ አየሁት። የላፕቶፑ መስታወት ጥቁር፣ ፊደሉ አረንጓዴ፤ አማርኛም አይደል፣ ግዕዝም አይደል። እኔስ አማትቤ ሄድሁ።»

«ባንኩሳ?»

«ባንኩማ አባረረው አሉ።»

ያሉት እነማን እንደሆኑ ዘመናይ አልጠየቀች፣ ሸጋዬም አልተናገረች።

ቤዛዊት፣ የዘመናይ ልጅ፣ ከአጥሩ ወዲህ ተቀምጣ ጋወኗን ታጥብ ነበር። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት። ስንት እናት ስትጮህ፣ ስንት ባል በር ላይ ሲያለቅስ እጇ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ያን ዕለት የጋወኑን እጅጌ ጨመቀች፣ ደግማ ጨመቀች፣ አሁንም ጨመቀች። ጠብ የሚል ውሃ እንደሌለው ያየችው ዘግይታ ነው። ቅናት እስከዚያ ቀን በሌላ ሰው ላይ ስታየው የምትስቅበት ነገር ነበር።

* * *

ማንያዘዋልን ያወቀችው በሜትር ነው።

አባቷ ዋኘው የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ትክል ድንጋይ ላይ ትልቁ መጋዘን የሱ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ከባንክ ሊበደር ሲያመለክት፣ መጋዘኑን የሚገምት የብድር ሠራተኛ ከጎንደር ተላከ። ረጅም፣ ዓይን አፋር፣ ከረባቱ አንገቱን ያነቀው ልጅ። «እህቴ፣ የዚህን ሜትር ጫፍ ትይዥልኝ?» አላት። ያዘችለት። ለክቶ ሲጨርስ ሜትሩን ጠቅለል አደረገው። እሷ ጫፉን መልቀቅ ረስታ እየተጎተተች መጣችና ደረቱ ጋ ደረሰች። ቀና ብላ ስታየው ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰደደ። ጣሪያውን ደግሞ መለካት አላስፈለገውም ነበር። ከዚያ ወዲያማ መጋዘኑ አራት ጊዜ ተለክቷል።

ግን የዋኘው ልጅና የጌሾ ቸርቻሪዋ ልጅ ምን አገናኛቸው? የማንያዘዋል እናት ቅዳሜ ገበያ ጌሾ ቸርችራ ነው ብቻዋን ያሳደገችው። ዋኘው ይኸን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «ልጁ የባንክ ነው እኮ» ሲሉት ጊዜ ፊቱ ተፈታ። ባንክ ለዋኘው ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ፣ ጡረታ፣ ማኅተም ያለበት መታወቂያ ነው። ያቺ ከረባት ናት የጌሾውን ማዳበሪያ የሸፈነችለት። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሲላክበት ዋኘው «ተመካክረን እንጠራችኋለን» ብሎ በደህና ቃል ሸኛቸው። ቃል የሚሰጥበት ቀን ለመጪው እሑድ ተቆርጧል።

ኔትዎርኩ እንዳሻው በሚመጣበትና በሚሄድበት ጊዜ ሁለቱ በወረቀት ነበር የሚነጋገሩት። ደሴ የሚባለው የሚኒባስ ሾፌር ደብዳቤውን ከራሱ በላይ፣ ፀሐይ መከለያው ሥር ሸጉጦ ያመላልስላቸዋል። መንገዱ ሲዘጋ ደብዳቤውም ቀረ።

ያን ዕለት ሸጋዬ ወሬዋን አውርዳ ሳትጨርስ ደሴ በሩን አንኳኳ።

«ቤዛዊት፣ ይኸው። ከኔ ጋ አምስት ሳምንት ታስሮ የከረመ ነው» ብሎ ፖስታውን ሰጣት።

ወፍራም ነበር። እጇ ላይ መዘነችው። ፍቅር ሁልጊዜ አንድ ገጽ ነበር የሚበቃው፤ ይኸን ሁሉ ወረቀት የፈጀ ምንድን ነው? ሰበብ ነዋ! ቀጭኗ ሴት ዓይኗ ላይ ድቅን አለች። ፖስታውን ሳትከፍት ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ በዚያው በደሴ ሚኒባስ ወደ ጎንደር ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ ቦርሳዋን ታቅፋ ሄደች፤ ፖስታው በቆዳው ውስጥ የሚያቃጥላት መሰላት።

* * *

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጓሮ ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጢጥ ጢጥ የሚል ባትሪ። ማንያዘዋል ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ቀጭኗ ሴት ትከሻዋ ትከሻውን ሊነካ አንድ ጣት ቀርቶታል።

«ከረባቱን ለማን ነው ያሰርኸው?» አለች ቤዛዊት ከበሩ ላይ።

ብድግ ሲል ሻዩ ተደፋ። ሴትዮዋ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ብድግ አድርጋ ከሻዩ አዳነችው።

«ቤዛ! እንዴት... መንገዱ ተከፈተ እንዴ?»

«ተከፈተ። ባትጠብቀኝም ተከፈተ።»

«እኔ ልውጣላችሁ?» አለች ሴትዮዋ።

«ምነው? አንቺማ ቁጭ በይ፣ ቤትሽ ነው።»

«ቤቱስ የባሌ ነው። ፎቶ ኮፒ የሚያነሳውን ሰውዬ አልፈሽው አይደል የገባሽ? እሱ ነው። ምስጢር እባላለሁ። ይኸን ሰው ደግሞ ምርቃት ጨምረሽ ብትሰጪኝ አልወስደውም፤ ሲያስብ ጥፍሩን ይበላል» አለችና ላፕቶፑን አቅፋ ወጣች።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሻዩ ከጠረጴዛው ጠብ ጠብ ይላል።

«ደብዳቤዬ አልደረሰሽም?» አላት።

«ደርሶኛል።»

«እና?»

«አልከፈትሁትም።»

ወንበሩ ላይ ተመልሶ ወደቀ። «መንገዱ ሳይዘጋ ደርሶሻል ብዬ አምስት ሳምንት ሙሉ መልስሽን ስጠብቅ ነው የከረምሁት፤ ዝም ስትይ ጊዜ ተውሽኝ ብዬ ነበር። እባክሽ፣ እዚሁ ክፈችው። እኔ ፊቴን አዞራለሁ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቤዛዊት ፖስታውን ቀደደች።

«ቤዛዬ፣

ከምስጢር በቀር ይኸን የምታውቂ አንቺ ብቻ ትሆኛለሽ። ባንኩን ለቅቄአለሁ። አላባረሩኝም፤ መልቀቂያውን የጻፍሁት ራሴ ነኝ። ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስገምት ኖርሁ። ግማሹን እውነቱን፣ ግማሹን አለቃዬ ጻፍ ያለኝን እጽፋለሁ። የማላምንበትን ወረቀት ስፈርም ፊርማዬ ራሱ ያስጠላኝ ጀመር።

ያቺ ምጥ ይዟት የመጣች እናት ትዝ ትልሻለች? ካርዷ ጠፍቶ፣ የደሟን ዓይነት የሚነግርሽ አጥተሽ ያለቀስሽባት? በተረፈች ማግስት ነው የነገርሽኝ። እኔም በዚያው ሳምንት ፕሮግራም መጻፍ መማር ጀመርሁ፣ በስልኬ፣ ባንክ ውስጥ ምሳ ሰዓት። መጀመሪያ የሠራሁት ነገር ያንቺ ነው፤ ስም ሲሰጡት የበሽተኛውን ካርድ ፈልጎ ያወጣል። ኔትዎርክ ባይኖር ግድ የለውም። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ምስጢር እየሳቀችብኝ አስተካከለችልኝ። አሁን ጎንደር ሁለት ክሊኒክ ይሠራበታል። አንዲት ነርስ ካርድ በአንድ ትንፋሽ ስታወጣ ቆሜ አየሁ፤ ባንክ ሳለሁ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የማገኘው የባንኩን ሲሶ አይሞላም። እናቴ አታውቅም፤ እሷ እንዳትደነግጥ ነው ጧት ጧት ከረባት የማስረው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ግን እውነቱን እንዲናገሩ ልነግራቸው ነው፣ አንቺ እሺ ካልሽኝ። እሺ ካላልሽ ደግሞ፣ ‹ቅር› በይኝ። እቀራለሁ።»

የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዓይኗ ሞላ።

«ለኔ ነው የሠራኸው?»

«ለማን ልሥራው?» አለ ወደ ግድግዳው እንደዞረ።

ልታቅፈው ሁለት እርምጃ ተራመደች። በሦስተኛው አባቷ ትዝ አላት። የዋኘው ፊት፣ የዋኘው ድምፅ፣ የዋኘው በር። ቆመች።

«ማንያ፣ እሑድ ለሽማግሌዎቹ ምንም እንዳትነግራቸው።»

«ምን?»

«አባዬ ይኸን ከሰማ አይሰጠኝም። አታውቀውም። ቃሉ ይሰጥ፣ ቀለበቱ ይለፍ። ከዚያ እኔ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ።»

«የሚናገሩልኝ እኮ መምህር ህሩይ ናቸው! አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ፣ እንደ አባት የያዙኝ። እሳቸውን ላስዋሻቸው?»

«ካላወቁ ምን ውሸት ይሆንባቸዋል? የሚያውቁትን ይናገሩ፣ በቃ።»

ዞረ። እንዲያ ያለ ዓይን አይታበት አታውቅም፤ የተቆጣ ቢሆን በተሻላት ነበር። «ቤዛ፣ የማላምንበትን ስፈርም ኖሬ ሰለቸኝ ብዬ ነው የወጣሁ። ትዳሬን በዚያው ልጀምረው?»

«እኔን ማጣት ይሻልሃል?»

የተደፋውን ሻይ በመዳፉ ከጠረጴዛው ጠረገ። ምስጢርና ባሏ ከወዲያ ሲሳሳቁ ይሰማል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ላንቺ ስል እሺ።»

ያለችው ሆኖላታል። መኪናው ላይ ስትወጣ ግን እንደተዘረፈ ሰው ባዶ ባዶ አላት። እጁን እንኳ ሳትጨብጠው ነበር የወጣች።

* * *

እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ ሦስት ሽማግሌዎች በዋኘው ደጅ ቆሙ። መሐል የቆሙት መምህር ህሩይ ናቸው፤ ከጎንደር ድረስ በዚያ መንገድ ተንገላተው፣ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በከዘራ ተደግፈው። ዋኘው እንደ ወጉ ትንሽ አስቁሟቸው «ግቡ» አላቸው። ቢገቡም አልተቀመጡም፤ ቃሉ ሳይሰጥ ሽማግሌ አይቀመጥም።

በዋኘው በኩል አያ አላምረው ተቀምጧል። ከዋኘው ጋር ከብት አብረው ጠብቀው፣ አብረው ድረው፣ አብረው ያረጁ ናቸው። ጥርሱ ካለቀ ቆይቷል፣ ምላሱ ግን እንዳለች ናት። ሸጋዬም አልቀረች። እንጀራ ላቀራርብ ብላ መጥታ፣ ካንዱ እንጀራ በቀር ያቀራረበችው የለም፤ በር ላይ ተተክላ ቀርታለች።

ሙሽሪት ትሆናለች የተባለች ልጅ በዚያ ቀን አትታይም። ቤዛዊት ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ኋላ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ ቆማለች። ማንያዘዋልም በወጉ የለም፤ ጎንደር ተቀምጦ ይጠብቃል። ስለ ሁለቱ የሚናገረው ሌላ ነው።

«እንግዲህ እንዳላችሁን መጥተናል» አሉ መምህር ህሩይ። «ልጃችሁን ለልጃችን።»

ዋኘው ጉሮሮውን ጠረገ። «አጥንቱን ጠይቀናል፣ ደህና ነው። ነገር ግን መምህር፣ ወሬ ሰምቻለሁ። ልጁ ባንክ የለም ይላሉ።»

ሸጋዬ መሬት መሬት አየች።

«እኔ ለወሬ አልሰጥም» አለ ዋኘው። «እርስዎ ግን አስተማሪው ነዎት፣ ትልቅ ሰው ነዎት። ልጁ ባንክ ነው ብለው ይማሉልኝና አሁኑኑ ልጄን እሰጣለሁ። ሌላ ነገር አልጠይቅም።»

ጓዳው ውስጥ የማስታጠቢያው ውሃ ተንቦጫረቀ።

«እኔ በሰባ ሁለት ዓመቴ ምዬ አላውቅም፣ አቶ ዋኘው» አሉ መምህር። «ርስቴን ስቀማ እንኳ ማል ብለውኝ እምቢ ብዬ ነው የተቀማሁ። ለዚህ ልጅ ግን እምላለሁ። ውሸት ያልወጣው ልጅ ነው። ትናንት ልሰናበተው ብሄድ፣ ሥራ እንዴት ነው ብለው አንገቱን ደፋ። በሰው ፊት ስለ ራሱ መናገር ያፍራል፤ ጨዋ ነው።»

አንገቱን ደፋ! ቤዛዊት መጋረጃውን ጨብጣ ያዘች። የደፋውን አንገት አየችው፣ ከረባቱን አየችው፣ ያን ዓይኑን አየችው። ያን አንገት ያስደፋች እሷ ናት።

ዝም ብትል ማንያዘዋል የሷ ነው። አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ብቻ ነው። በዚህ በኩል ደግሞ ርስቱን ተቀምቶ ያልማለ ሽማግሌ ቆሟል።

መምህር ህሩይ ከዘራቸውን ለጎናቸው ሰው ሰጡ። ቆባቸውን አወለቁ። እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። «የጎንደሯ ቁስቋም...»

«አይማሉ!»

መጋረጃው ተገለጠ። ቤዛዊት ማስታጠቢያውን እንደያዘች መሐል ቤት ቆመች።

«ይተዉት መምህር፣ በእግዜር! ለቋል። ባንኩን ለቋል። እሱ ሊነግርዎት ነበር፤ ዝም በል ያልሁት እኔ ነኝ። አንገቱን የደፋው በኔ ምክንያት ነው።»

«አላልኋችሁም?» አለች ሸጋዬ ከበሩ።

መምህር ህሩይ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ቆባቸውን ማድረጉን ረሱት። ቤዛዊትን አዩአት፤ ዓይናቸው ቁጣ አልነበረበትም፣ ለዚያም ነው ያንገበገባት።

ዋኘው ተነሣ። «ግቢ ጓዳ!»

«አልገባም አባዬ።»

«ምን እየሠራ ነው ታዲያ? ምን ይበላል?»

«ፕሮግራም ይጽፋል። ለኮምፒዩተር። የበሽተኛ ካርድ ሲጠፋ የሚያገኝ...»

«ካርድ ፈላጊ! የባንክ ሰው ነው ብለው መጥተው፣ ካርድ ፈላጊ!» ዋኘው እጁን አጨበጨበ። «ደመወዙን ማን ይፈርምለታል? ጡረታው የት ነው? ልጄ የጌሾ ማዳበሪያ ልትሸከም ነው?»

«እሸከማለሁ! ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስሸከም ምን ሆንሁ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ እኮ ባንኩን አልወደድሁም፣ አባዬ። ባንኩን የወደድኸው አንተ ነህ። እኔ የወደድሁት መጋዘንህን ሲለካ ጣሪያ ጣሪያ የሚያየውን ልጅ ነው።»

እናቷ ዘመናይ ከጓዳ ወጥታ ክንዷን ያዘቻት። «ተይ ልጄ፣ በሽማግሌ ፊት...»

«በሽማግሌ ፊት ምን ቀራት!» ዋኘው ይጮህ ጀመር። «ትልቅ ሰው በሐሰት ልታስምል ነበር! ይኸ ቤት ውሸት ገብቶበት አያውቅም! እናትሽን ሳገባ ያለኝን አለኝ፣ የሌለኝን የለኝም ብዬ ነው ያገባሁ። አንዲት ቃል አልጨመርሁባትም። ሽማግሌዎች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልጄን አልሰጥም። መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቤዛዊት ማስታጠቢያውን መሬት ልታስቀምጥ ብትል እጇ አልታዘዝ አላት፤ ያ የማይንቀጠቀጠው እጇ ውሃውን በምንጣፉ ላይ አፈሰሰው። ጎንደር ላይ ከረባቱን አስሮ መልስ የሚጠብቀውን ሰው አሰበች። እውነቱን ተናግራ አጣችው። ቢሆንም ያ ባዶ ባዶ ያላት ነገር ለቋታል። የቀረባት ሐዘን ብቻ ነው፤ ጥርት ያለ ሐዘን።

ሸጋዬ ልትናገር አፏን ከፈተች።

«አንቺ ዝም በይ» አለ አያ አላምረው።

ሳይነሣ፣ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ ጓደኛውን አየው።

«ዋኘው፣ ዘመናይን ስታገባ ያለ ዕድሜው ሽማግሌ የሆነልህ ማን ነበር? እኔ። አባቷ፣ ‹ልጁ በሬ አለው ወይ?› ብለው ሲጠይቁኝ ጊዮርጊስን ብሎ የማለው ማን ነው? እኔ። ያ በደጃቸው እየነዳህ ያሳየሃቸው ጥማድ በሬ የማን ነበር? የኔ! ሲመሽ ወደ በረቴ መለስሁት፤ አንተ ጥጃ እንኳ አልነበረህም። ይኸ ትልቅ ሰው ሳያውቅ ሊምል ሲል ልጅህ አዳነችው። እኔ ግን እያወቅሁ ነው የማልሁልህ፤ እኔን ያን ቀን ማን አዳነኝ?»

ዘመናይ የልጇን ክንድ ለቀቀችና ባሏን አየችው። ዋኘው ዓይኗን ሸሽቶ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና «ተቀመጡ እንጂ» አላቸው፤ ወንበሩን ያቀራረበችው ሸጋዬ ናት።